ሙሲሲ መጣ

እኔ የመሬት መንቀጥቀጥ መምህር ነበርኩ። አትሳቁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ከምዕራፎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይሄንኑ ነበር። የምድር ቅርፊት እንደተቀቀለ እንቁላል እንዴት እንደተሰነጣጠቀ፣ ስንጥቆቹ እየተገፋፉ እንዴት እንደሚላቀቁ፣ ስምጥ ሸለቆ ከእኛ ሰፈር ግርጌ ተነስቶ እንዴት ወደ ደቡብ እንደሚወርድ በጠመኔ እየሳልኩ ሳስረዳ፣ ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኝ ነበር። አደጋው ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለባቸውም በቃላቸው አስጠናቸው ነበር። በሩ ቅርብ ከሆነ ውጡ፤ ካልሆነ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፤ ከመደርደሪያና ከመስታወት ራቁ። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም። በኋላ የሆነውን ስታነቡ "ምስኪን፣ አያውቅም ነበር" ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቅ ነበር።

የመምህር ኑሮ እንደምታውቁት ነው። የአጎቴ ልጅ ካምፓላ ገብቶ ሲያልፍለት አይቼ እኔም ተከተልኩት። ስምጥ ሸለቆን ኮምቦልቻ ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሌላውን ክንፉን ኡጋንዳ ላይ ዘርግቶ እየጠበቀኝ ነበር። ካትዌ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር፣ ከብረት ቀጥቃጮቹ መሃል፣ የወጥ ቤት ዕቃ ሱቅ ከፈትኩ። ብርጭቆ፣ ሳህን፣ የብረት ድስት፣ የፕላስቲክ ባልዲ፤ ባለትዳር የሚፈልገው ሁሉ አለኝ። ያገሬ ልጆች አሁንም "ቲቸር" ነው የሚሉኝ። የምኖረው ከባለቤቴ ከዘሐራ ጋር ኪቡሊ ኮረብታ ላይ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ነው። ታናሽ እህቴ ሰዓዳ ደሴ የነበረው ትዳሯ ሲፈርስ ወደ እኔ መጣች፤ አብራኝ ሱቅ ትሠራለች።

ሰዓዳ በመጣች በዓመቷ የአገሩን ቋንቋ ሉጋንዳን እንደ ውሃ ጠጣችው። ከደንበኛ ጋር ትስቃለች፣ ትከራከራለች፣ ትሰዳደባለች። እኔ ደግሞ "ሰቦ" እና "ኛቦ" ብዬ ወንዱንና ሴቱን ካከበርኩ፣ "ሴንቴ" ብዬ ገንዘቡን ከጠራሁ ይበቃኛል ባይ ነኝ። "አገራችን እስክንገባ ነው፤ ቋንቋ ምን ይሠራልኛል?" እላት ነበር። እሷም "እሺ ወንድም ጋሼ" ትለኛለች፤ እሺ ያለችው ለመስማማት ይሁን ለመገላገል አልገባኝም።

ሱቃችን ያለበት ሕንጻ ባለቤት ሐጂ ሙሲሲ ይባላል። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ሕንጻውን ለማየት ይመጣል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፤ ኋላ ግን እየደጋገመ። ሕንጻ ይህን ያህል የሚጎበኝ ከሆነ ወይ ሊወድቅ ነው፣ ወይ ውስጡ ሴት አለች። ኮሮና ከተማዋን ዘግቶ ከፍቶ ባበቃ ሰሞን ወደ እኔ ቀረብ አለና ጉዳዩን በእንግሊዝኛ አወጣው፤ መምህር ለማለት ሙዓሊም ነው የሚለኝ።

"ሙዓሊም፣ እህትህን በወግ ልጠይቅህ እፈልጋለሁ።"

"በእኛ አገር እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሽማግሌ ይላካል" አልኩት። ተስፋ ይቆርጣል ብዬ ነው። እሱ ግን ፊቱ በራ፤ "ይህማ የእኛም ወግ ነው፤ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ" ብሎኝ እጄን ጨብጦ ሄደ።

ለምን እንዳልፈለግኩት ብትጠይቁኝ ያኔ ብዙ ምክንያት እደረድርላችሁ ነበር። አገሩ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ልጅ ቢወለድ ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ ሙዝ እየዋጠ የሚያድግ። እውነቱ ግን አንድ ነው። ሰዓዳ እዚህ ካገባች እኛ እዚህ ቀረን ማለት ነው። "እስክንገባ ነው" የምለው ነገር ውሸት መሆኑን በኒካሕ ማስመስከር ሊሆንብኝ ነው። ይህን ለራሴም ለማንም መናገር አልፈለግኩም። ስለዚህ ተደበቅኩ።

አዎ፣ ትልቁ ሰውዬ እደበቅ ነበር። ሱቃችን በር ላይ ማማ ሮዝ ቻፓቲ በእንቁላል እየጠቀለለች ትሸጣለች፤ እዚህ አገር ሮሌክስ ይሉታል። የሐጂው ነጭ ኮፍያ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲል "ሙሲሲ!" ብላ ትጮህልኛለች። እኔም ወደ ጓዳ ገብቼ ካርቶን እቆጥራለሁ። ሰዓዳ "ቲቸር የለም" ትለዋለች። ማማ ሮዝ በሳቅ ትፈርሳለች። እንዲህ እያልን ሰነበትን፤ "ሙሲሲ" የሚለው ቃል ለጆሮዬ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፦ ተደበቅ። በሉጋንዳ ሌላ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እናንተስ አበበ የሚባል ሰው ሲያጋጥማችሁ "ምኑ ነው ያበበው?" ትላላችሁ?

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ሐጂው "በዚህ ሳምንት ከነሽማግሌዎቼ እመጣለሁ" ብሎ ለሰዓዳ ነግሯት ነበርና ከጠዋት ጀምሮ ያልቆጠርኩት ካርቶን አልነበረም። ሰዓዳ በሩ አጠገብ ቆማ ብርጭቆ ትወለውላለች። ድንገት በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ስልል ባለ ድምፅ መንጫጫት ጀመሩ።

"ወንድም ጋሼ፣ ብርጭቆዎቹን ሰማሃቸው?"

"ከባድ መኪና ነው" አልኩ ቀና ሳልል።

"መንገዱ ላይ መኪና የለም እኮ።"

"እንግዲያው ብረት ቀጥቃጮቹ ናቸው። ካትዌ መቼ ዝም ብላ ታውቃለች?"

እዚህ ላይ የመምህርነት ነገር ያዘኝ፤ ልንገራችሁ። መሬት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚደርሰው ፈጣኑ ሞገድ ነው። እሱ ነካ አድርጎ ያልፋል። ኃይለኛው ዝግ ብሎ ከኋላ ይመጣል። መነሻው ሩቅ ከሆነ በሁለቱ መካከል ሰው ሮጦ ደጅ የሚወጣበት ጊዜ ይገኛል። ይህን ለተማሪዎቼ በፈተና ሁሉ ጠይቄያቸዋለሁ፤ የሳተ ተማሪ ውጤቱን ያገኛት ነበር።

እኔ በዚያች ጊዜ ያደረግኩትን ስሙ። ከውጭ ጩኸት ተነሳ። መጀመሪያ ማማ ሮዝ "ሙሲሲ!" አለች። ቀጥሎ ሌላ ሴት፣ ቀጥሎ ወንዶች፣ ቀጥሎ መንገዱ በሙሉ "ሙሲሲ! ሙሲሲ!" ሰው ይሯሯጣል፣ ቆርቆሮና ድስት ይደበደባል፣ ሴቶች እሪ ይላሉ። የእኔ ጆሮ የሰማው ምን መሰላችሁ? ሠርግ! የዚህ አገር ሰው ልጃገረድ ሊጠይቅ ሲመጣ በሰልፍ፣ በዘፈን፣ ቅርጫት ሙሉ ስጦታ ተሸክሞ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ሽማግሌ ላክ ያልኩት ሰውዬ ካትዌን በሙሉ ሽማግሌ አድርጎ ነድቶት መጣ አልኩ በልቤ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሰዓዳ ብርጭቆውን ጥላ አንድ እግሯን ከደፉ አሻግራ ነበር። ዘልዬ ክንዷን ያዝኩና ወደ ውስጥ ጎተትኳት።

"ወንድም ጋሼ፣ ሙሲሲ ነው እኮ!"

"ሰምቻለሁ!"

"ሙሲሲ ነው እልሃለሁ፣ እንውጣ!"

"ሮጠሽ ልትወጪለት? አታፍሪም?"

"እሱ አይደለም! ሙሲሲ ነው!"

"እሱ አይደለም፣ ሙሲሲ ነው? ምን ነካሽ አንቺ?" አልኩና ተጠቅላዩን የብረት መዝጊያ ጎትቼ እስከ መሬት አወረድኩት። ምስኪን፣ በድንጋጤ አማርኛው ጠፍቷት ነው። ሁለት ቃል ብቻ ብትል፣ "መሬት ተንቀጠቀጠ" ብትል፣ ይህን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር።

ከዚያ ኃይለኛው ሞገድ ደረሰ።

ወለሉ ከሥሬ ወደ ግራ ሄደ፤ እኔ ግን ባለሁበት የቀረሁ መሰለኝ። ብርጭቆው በሙሉ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሳህኑ ተከተለ። ግድግዳው እንደ ሰው አጓራ። የብረት ድስት የተደረደረበት መደርደሪያ ቀና ብሎ አየንና ጎንበስ ሲል፣ ሰዓዳ ጮኸች። መብራት ጠፋ። የፕላስቲክ ባልዲዎቹ ብቻ ራሴ ላይ እየነጠሩ ተንከባለሉ።

ሲያቆም አቧራው አፌን ሞልቶት ነበር። ብርሃን የሚገባው በመዝጊያው ግርጌ በኩል ነው፤ የበሩ ፍሬም ተጣሞ አንደኛው ጥግ የክንድ ያህል ከፈት ብሏል። መዝጊያውን በትከሻዬ ብገፋው፣ በእግሬ ብመታው፣ ንቅንቅ አልል አለ።

"ሰዓዳ?"

"እግሬ፣ ወንድም ጋሼ። እግሬ ሥሩ ነው።"

እየዳበስኩ ሄድኩ። መደርደሪያው ከጉልበቷ በታች ተኝቶባታል። ላነሳው ሞከርኩ፤ ድስቶቹ እየተንሸራተቱ ጭራሽ ከበዱባት፤ ጮኸችና ተውኩት። ያኔ ከላይ አንድ ጠብታ ውሃ አናቴ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ሌላ። ከጣሪያው በላይ፣ በብረት ቋሚ ላይ፣ የሕንጻው የውሃ ታንከር አለ። ቋሚው ሲያቃስት ይሰማኛል። ያ ታንከር ከነውሃው ቢወርድ የሚያርፈው ሰዓዳ ላይ ነው። እናቴ ስትሞት "ሰዓዳን አደራ" ያለችኝ እኔን ነበር። ያወጣኋት ከደጅ ወደ ውስጥ ነው።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበርና ዘሐራ ጋ ደወልኩ።

"ዘሐራ፣ ተርፋችኋል?"

"ከምን?"

"መሬት ተንቀጥቅጦ!"

"የት?"

"እንዴት የት! ካምፓላ ነዋ!"

"እዚህ ምንም የለም። ሻዩ ትንሽ የተወዛወዘ መሰለኝ፤ ድመቷ ናት ብዬ አባረርኳት። ስትመጣ ዳቦ ይዘህ ና" አለችኝና ኔትወርኩ ተቋረጠ።

አትፍረዱባት። ኪቡሊ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ኮረብታ ነው። ካትዌ ደግሞ ረግረግ ዳር፣ ለስላሳ አፈር ላይ ያለ ቆላ ሰፈር ነው። ድንጋይ ንዝረቱን ያሳልፈዋል፤ ለስላሳ አፈር ግን ተቀብሎ ያጎላዋል። ይህም ከምዕራፉ ውስጥ ነበረ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ደቂቃ፣ ሚስቴ ከድመት ጋር ስትጣላ እኔ ከመቃብር ጋር እጣላ ነበር።

ከውጭ "ሙሲሲ! ሙሲሲ!" የሚለው ጩኸት አላቋረጠም።

"ይህ ሰውዬ ምን ቀልበ ቢስ ነው?" አልኩ። "አገር እየፈረሰ ስሙን ያስጠራል?"

ጨለማው ውስጥ የሰማሁት ድምፅ መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው፤ እግሯ ተሰብሮ እየሳቀች።

"ሙሲሲ ማለት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው" አለችኝ።

"ሐጂውስ?"

"ስሙ ነው።"

"ሰው ልጁን የመሬት መንቀጥቀጥ ብሎ ይጠራል?"

"እኛ አገር ናዳው የሚባል ሰው የለም?"

ባልዲ ገልብጬ አጠገቧ ተቀመጥኩና በሌላ ባልዲ የሚንጠባጠበውን ውሃ ከፊቷ እከላከል ጀመር። የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

"ወንድም ጋሼ፣ ከሐጂው የምትደበቀው ለማን ብለህ ነው?"

"ለአንቺ ነዋ።"

"እኔን መቼ ጠየቅከኝ?"

ይህን በቁጣ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሰው ነው ያለችው። ያኔ ከመዝጊያው ግርጌ የማውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ። በዚህኛው ጊዜ የመጣው ሰውየው ራሱ ነው።

"ሙዓሊም! ሙዓሊም፣ ውስጥ ነህ?"

ልማድ ክፉ ነው። ብታምኑም ባታምኑም፣ ድምፁን ስሰማ ትንፋሼን ዋጥኩ። ታንከር አናቴ ላይ እያቃሰተ፣ እህቴ ብረት ሥር ተኝታ፣ እኔ "የለም" ልባል እጠብቃለሁ። ሰዓዳ ናት በሉጋንዳ የጮኸችለት። ረጅም ነገር ነገረችው፤ ከውስጡ የገባኝ "ሙዓሊም" የሚለው ብቻ ነው።

ሐጂው ነጭ ቀሚሱን እንደለበሰ መሬት ላይ በሆዱ ተኛና በክፍተቱ በኩል የእጅ ባትሪ አቀበለኝ።

"ከመዝጊያው ራቁ" አለ በእንግሊዝኛ። "ታንከሩ ዘሟል። ልጆቹ በገመድ እየወጠሩት ነው።"

"ሽማግሌዎቹ ናቸው?" አልኩት። ደንግጬ ነበር፤ ምን ላድርግ።

"ሽማግሌ ለነገ ነበር፤ አሁን የያዝኩት ብረት ቆራጭ ነው" አለኝ።

ብረት ቀጥቃጮቹ ጄኔሬተር እየጎተቱ ደረሱ። ማሽኑ ገና ሲያጓራ፣ መሬቱ እንደገና ተነቃነቀ። የአሁኑ ከፊተኛው ያንሳል፤ ፍርሃቱ ግን የበለጠ ነበር፤ ምክንያቱም አሁን ስሙን አውቀዋለሁ። ቋሚው በላያችን ላይ ሲጢጥ አለ። ከውጭ "ሙሲሲ!" እያለ ሰው ሁሉ ሲሸሽ የእግሩን ኮቴ ሰማሁ። ማንም አይፈረድበትም፤ ከሚወድቅ ነገር ሥር መሸሽ ያስተማርኩት ነው። በክፍተቱ በኩል የገባው እጅ ግን እዚያው ቀረ። ሐጂው የታንከሩ ጥላ ሥር እንደተኛ ነው። እጁን ያዝኩት። በሁለት እጄ ያዝኩት። ወራት ሙሉ ከጓዳ ጓዳ የሸሸሁትን ሰው እጅ ይዤ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አልኩ፤ እሱም ከደጅ አብሮኝ አለ። ሰዓዳም ከኋላዬ አለች። ላብ ይሁን ውሃ አላውቅም፣ እጁ ረጥቦ ነበር።

መንቀጥቀጡ አለፈ። ሰዎቹ ተመለሱ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሐጂው ከቆራጮቹ ጋር ሲነጋገር ቆየና ወደ ክፍተቱ ጎንበስ ብሎ ጮኸ። ጄኔሬተሩ ንግግሩን በላው።

"ሙዓሊም! አንድ ነገር ልጠይቅህ... ጊዜ የለንም... ትፈቅድልኛለህ?"

እንዲህ ባለ ሰዓት የሚጠየቅ ጥያቄ ለእኔ አንድ ብቻ ነው። ሰዓዳን አየኋት። በባትሪው ብርሃን ፊቷ አመድ መስሏል። ከዚህ በኋላ "ላስብበት" የምልበት ነገ መኖሩን እርግጠኛ አልነበርኩም።

"ፈቅጃለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "በአላህ ስም ፈቅጃለሁ! እህቴን ሰጥቼሃለሁ! ሰው ሁሉ ይመስክር!"

ጄኔሬተሩ እኔን የጠበቀ ይመስል በዚያው ቅጽበት ጠፋ። "ይመስክር" የሚለው ቃል ለብቻው ካትዌ ላይ ቀረ። ከዚያ ሐጂው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ።

"ሙዓሊም፣ እኔ የጠየቅኩህ የኋላውን ግድግዳ ማፍረስ ነው። መዝጊያው ሲቆረጥ ታንከሩን ሊነካብን ይችላል። ከግድግዳው ጋር የተጠጋ ዕቃ ስላለህ እንዳይሰበርብህ ብዬ ነው።"

"ያልተሰበረ ዕቃ አለ?" አልኩት።

የማማ ሮዝ ሳቅ ቀድሞ ፈነዳ። ከዚያ መንገዱ በሙሉ አጨበጨበ፤ እልል ያለም ነበረ። ሰዓዳ ክንዴን ጨብጣ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። "ወይኔ ወንድም ጋሼ" ትላለች፣ "ወይኔ ወንድም ጋሼ"።

የኋላውን ግድግዳ በመዶሻ አፈረሱትና ገቡ። መደርደሪያውን አንስተው ሰዓዳን በበር ሳንቃ ላይ አወጧት። ታንከሩስ? አልወደቀም። ታንከር ሆዬ እንደዘመመ ቆሞ አደረና በማግስቱ ውሃውን ቀድተው አወረዱት። ያን ያህል ላስፈራራን፣ ትንሽ እንኳ ወደቅ ማለት ይገባው ነበር።

ደጅ ስወጣ ያየሁትን አልረሳውም። ከፊታችን ያለው አዲሱ ባለፎቅ ሕንጻ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ከአናቱ የወደቀ ጡብ ራሱን የፈነከተው አንድ ሰው ደሙን ይጠርጋል። ከጎኑ ያለው በእንጨትና በቆርቆሮ የተገጣጠመ ሱቅ ግን ተወዛውዞ ቦታው ላይ ቆሟል። የማማ ሮዝ ጃንጥላ እንኳ አልተገለበጠም። በትሪዋ ላይ የተደረደረው እንቁላል አንድም አልተሰነጠቀ፤ የእኔ ብርጭቆ አንድም አልተረፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔ ይህን ሁሉ እያሳየሁ፣ ስለ ስምጥ ሸለቆው፣ ስለ ሁለቱ ሞገድ፣ ስለ ረግረጉ አፈር ለተሰበሰበው ሰው ማስረዳት ጀመርኩ። ሰዓዳ ሳንቃው ላይ ተኝታ "የተማረ ይግደለኝ ሲሉ እውነት አይመስለኝም ነበር" አለች።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ የመሬት መንቀጥቀጥ ምን ያመጣዋል እያላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አልተለወጠም። የምድር ቅርፊት ይገፋፋል፣ ይወጠራል፣ ሲበቃው ይላቀቃል። በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ኃጢአት ነው ያሉ ነበሩ፤ ማማ ሮዝ ደግሞ የዱሮ ሰዎች ከምድር በታች የሚኖር ሙሲሲ የሚባል ኃይል ነው ይሉ ነበር ብላ ነገረችኝ። ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚሰነጠቀው ሌላ ሰፈር ነበር፤ ስሙን አልጠራም። መንቀጥቀጡ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው በሰው ላይ የሚወድቀው ነገር ነው እያልኩ አስተምር ነበር። ይህም እውነት ነው። ግን መጽሐፉ ላይ ያልነበረ ነገር ተማርኩ። እኔ ለሁሉም የሚሆን ዕውቀት ነበረኝ፤ አጠገቤ ቆማ "እንውጣ" የምትለኝን አንዲት ሴት መስማት ግን አቃተኝ። ምን ልትል እንደምትችል አስቀድሜ ወስኜ ስለነበር ነው። እናንተም ቤት ውስጥ እንዲህ ያለች ሴት ትኖራለች። ድምፅዋ ሲርገበገብ "መኪና ነው" አትበሏት።

የሰዓዳ እግር ሁለት ቦታ ነበር የተሰበረው። ድኗል፤ ደረጃ ስትወጣ ግን ትንሽ ታነክሳለች። ባየኋት ቁጥር ክንዷን ይዤ የጎተትኩበት እጄ ያሳክከኛል። እኔም ይኸው የመሬት መንቀጥቀጥ አማች ሆኜ ካምፓላ ውስጥ እኖራለሁ። "እስክንገባ ነው" ማለት ትቻለሁ፤ ሉጋንዳ እየተማርኩ ነው፤ ቲቸሬ ማማ ሮዝ ናት፤ ስሳሳት በእንቁላል መገልበጫው ታስፈራራኛለች።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ መዝጋት አልችልም፤ የኒካሑ ቀን የሆነው ነው። ኪቡሊ እኛ ቤት ነበርን። ሐጂው ሽማግሌዎቹን ይዞ መጥቷል፤ ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። እኔ የሙሽሪት ወሊ፣ ማለትም ዳሪዋ ነኝና ከሼኩ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። ሰዓዳ ከሴቶቹ ጋር ናት፤ እግሯ ጀሶ ውስጥ ሆኖ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል።

"ልጅቱን ጠይቀሃታል?" አሉኝ ሼኩ።

"ካትዌ በሙሉ ምስክሬ ነው፤ ሰጥቻለሁ" አልኩ። ሰው ሳቀ።

"እሱን ሰምተናል፣ ከተማው አውርቶታል" አሉ ሳይስቁ። "የምጠይቅህ እሷን ጠይቀሃታል ወይ ብዬ ነው። አግብታ የማታውቅ ልጅ ዝም ካለች ዝምታዋ ይበቃናል። ይህች ግን አግብታ የፈታች ናት። በአፏ መናገር አለባት።"

ዞርኩ። እንደዚያ ፊት ለፊት አይቻት የማውቅ አልመሰለኝም።

"ሰዓዳ፣ እህቴ" አልኳት፤ "ሐጂ ሙሲሲን ታገቢያለሽ?"

አየችኝ። ሐጂውን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ተቀመጠችና፣

"ላስብበት" አለች።

የሳቀ የለም። ሐጂው ኮፍያውን አስተካከለ፣ እንደገናም አስተካከለ። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ያዙት እንጂ አልጠጡትም። ዘሐራ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቀረች። ሰዓዳ ነጠላዋን በእርጋታ ጉልበቷ ላይ እያጣጠፈች ታስባለች፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ግን በሕይወቷ አይቼባት አላውቅም። አልቸኮለችም። እኛም፣ ያን ሁሉ የምናህል ወንዶች፣ ቁጭ ብለን መልሷን ጠበቅን።